ለእንግዳ የተቀመጠው ቅዝቃዜ

መኪናችንን የገዛነው ከባለቤቴ አጎት ነው። አጎት በዘመድ መሃል ዕቃ በመያዝ ስማቸው የተጠራ ሰው ናቸው። የቴሌቪዥናቸው ሪሞት እስካሁን ከነላስቲኩ ነው፤ ቁጥሩ አይታይም፣ ግን አዲስ ነው። መኪናዋን ያስረከቡን ዕለት ልጅ የሚድሩ እንጂ መኪና የሚሸጡ አይመስሉም ነበር። ወንበሩን አሳዩን፣ ጎማውን አሳዩን፣ በመጨረሻ ጣታቸውን ወደ ኤሲው ቁልፍ አስጠጉና፣ ሳይነኩት፣

«ይቺን ታያላችሁ?» አሉ። «መኪናዋ ከእኔ ጋር ስታረጅ ይቺን አንድ ቀን ነክቻት አላውቅም። ገና አዲስ ናት።»

«በዚህ ሙቀት? ለምን አጎቴ?» አለ ባለቤቴ።

«ብርድ ይምታኝ? ደግሞ ያለ ነገር ሁሉ ይነካል እንዴ!»

ባለቤቴ ሳቁን በሳል ሸፈነው። እኔ ግን በዚችው ንግግር መኪናዋን ከልቤ ወደድኳት፤ ምክንያቱም እኔም ያው ነኝ። ቤቴ ብፌ አለ፤ ብፌው ውስጥ ጠርዛቸው ወርቅ የተቀባ የእንግዳ ብርጭቆዎች አሉ። እኛ የምንጠጣው እጀታው በተሰበረ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። ሶፋችንም ከሱቅ ሲመጣ የለበሰውን ላስቲክ እንደለበሰ ነው። በሙቀት ጊዜ እሱ ላይ የተቀመጠ ሰው ሲነሳ እንደ ፕላስተር ነው የሚላቀቀው። አማቴ ወንበር ይዘው ይመጣሉ እንጂ አይቀመጡበትም። «ይሄ ሶፋ ሰው ይናከሳል» ይላሉ።

እናም ኤሲው በእኔም ዘመን ለእንግዳ እንዲሆን ወሰንኩ። እኔና ልጄ መስኮቱን ከፍተን አቧራውን እየቃምን እንሄዳለን፤ ኤሲው ክብሩን ጠብቆ ይቀመጣል።

እንግዳው አበባ ሆኖ መጣ።

ባለቤቴ ቀለም ቀቢ ነው። ሥራ ሲኖር ከነቡርሹ ይጠፋል፤ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ቤት ተቀምጦ ግድግዳችንን በክፉ ዓይን ያያል። እኔም የራሴን እንጀራ መፈለግ ነበረብኝ። በተለይ ሰፈራችን ጫፍ ላይ ያለችው መዋዕለ ሕፃናት ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነበር። ግቢዋ ዥዋዥዌ አለው፣ አጥሯ በልጆች እጅ አሻራ የተቀባ ነው። ልጄ አጥሩን ይዛ ወደ ውስጥ ስታይ እኔ ከኋላዋ ቆሜ በልቤ እመዘግባታለሁ። የቀረኝ መክፈል ብቻ ነበር።

አንድ ቀን አንድ የአበባ መሸጫ በር ላይ «ኤሲ ያለው መኪና ያለው አድራሽ እንፈልጋለን» የሚል ተለጥፎ አየሁ። ገባሁ። ሱቁ እንደ ጉድጓድ ይቀዘቅዛል። ባለቤትየዋ በቀትር ወፍራም ሹራብ ለብሰው፣ አንገታቸውን ሹራቡ ውስጥ ቀብረው ጽጌረዳ ይከረክማሉ። መንገዱ ሁሉ የሚያውቃቸው «ባለሹራቧ» በሚል ነው፤ ፊት ለፊት ግን «እትዬ» ነው።

«ኤሲው ይሠራል?» አሉኝ።

«አዲስ ነው፣ እትዬ!»

«መኪናሽ ግን አዲስ አትመስልም።»

«ኤሲው ግን አዲስ ነው።»

ሥራውን አገኘሁ። ከአበባ ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጫጩት ሻጭ አለ። በዚያ በኩል አምፖል በርቶ፣ ካርቶን በካርቶን ላይ ተደርድሮ፣ ጫጩቶች ይጮኻሉ። እሱ ሙቀት ይፈልጋል፣ እሳቸው ብርድ። ጠዋት በር ሲከፈት የሚጀመረው ጭቅጭቅ ማታ በር ሲዘጋ ነው የሚያልቀው።

«እትዬ፣ በሩን ይዝጉት እንጂ! የእርስዎ ብርድ ልጆቼን ሊፈጅብኝ ነው!»

«የአንተ ልጆች ሽታ ጽጌረዳዬን ገደለብኝ፣ አንተ ደግሞ ስለ ብርድ ታወራለህ!»

እኔ በመሃላቸው ባልዲዬን ተሸክሜ ውልቅ እላለሁ። አበባውን ኋላ ወንበር ላይ አስደግፋለሁ፣ ልጄን ጎኑ አስራለሁ፣ ኤሲውን እከፍታለሁ። አበባው ሲወርድ ወዲያው እዘጋለሁ። መልስ ጉዞ ላይ ልጄ ላቧ በአፍንጫዋ ጫፍ ሲንጠባጠብ «ብዙም እኮ አይሞቅም፣ አይደል?» እላታለሁ። እሷም ሰው አክባሪ ናትና «አይሞቅም» ትለኛለች።

ሥራውን ከጀመርኩ ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ቅዝቃዜው መሳሳት ጀመረ። ቀጥሎ ድምፅ መጣ። ከኮፈኑ ስር «ጭርርርር» ይልና «ጠቅ!» ብሎ ይቆማል። ደግሞ «ጭርርርር»። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ድምፁ ሲጨምር የመኪናዋን ራዲዮ እጨምራለሁ፤ ራዲዮውን ስጨምር እሱም ይጨምራል፤ እንደ ሁለት ባልቴት ተያይዘን እንሄዳለን።

ልጄን አማቴ «ሬዲዮ» ብለው ነው የሚጠሯት። የሰማችውን ሁሉ ታስተላልፋለች፤ መዝጊያ የላትም። አንድ ቀን ራት ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠችና «ጭርርርር... ጠቅ!» አለች።

«ምን ነካት ይቺ ልጅ?» አሉ አማቴ።

«እማዬ መኪና!» አለች ሬዲዮ፣ ደግማ አሰማቻቸው።

ባለቤቴ አየኝ። እኔ ድንቹን አየሁ። በማግስቱ ጋራዥ ሄድኩ።

መካኒኩ «ጆሮ» ይባላል። ረጅም ካቻቢቴ ይዞ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ነው የሚመረምረው፤ ሐኪም ነው በሉት። ኮፈኑን ከፍቶ፣ «አስነሺያት፣ ኤሲውንም ክፈቺ» አለኝ። ከፈትኩ። መኪናዋ እንደ ሙሽራ ዝም አለች።

«ምን ሆነች ነው ያልሽኝ?»

«ትጮኻለች።»

«አትጮኽም እኮ።»

«እዚህ ስለመጣች ነው! ሰፈር ብትሰማት!»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለኝ» አለ፣ ካቻቢቴውን ወደ ኪሱ እየመለሰ። ጥርሷን አሟት ሄዳ ሐኪም በር ላይ ሕመሙ እንደተዋት ሴትዮ ቆሜ ቀረሁ። ይሄኔ ከኋላ ወንበር፣

«ጭርርርር... ጠቅ!»

ጆሮ ዞር አለ። «እስቲ ድገሚልኝ፣ የኔ እናት?»

ሬዲዮ ደገመችለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት። «ጭርታው ከጠቅታው በፊት ነው?» ብሎ እኔን ጠየቀ። እኔ ሳስብ እሷ ሦስተኛ አሰማችው፤ ይህን ጊዜ መሃል ላይ እኔ የማላውቃት ቀጭን ሲቃ ጨመረችበት። ጆሮ ራሱን ነቀነቀ።

«ኮምፕረሰሩ ነው። ውስጡ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል። ምን ያህል ትጠቀሚበታለሽ?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። «በጣም ነው የምቆጥበው» አልኩት፣ አንገቴን ቀና አድርጌ። «አበባ ካልጫንኩ አልከፍተውም። ከእኔ በፊት የነበሩት ሰውዬማ ጭራሽ ነክተውት አያውቁም።»

ሙገሳ ነበር የጠበቅሁት።

«በሉ እንግዲህ፣ ተባብራችሁ ገደላችሁታ!» አለኝ። «ይሄ እኮ ዘይቱ የሚዞረው ሲሠራ ነው። ካልሠራ ዘይቱ ይተኛል፣ ማሸጊያ ጎማው ይደርቃል፣ ብረቱ ብረት ይበላል። እንደ ጉልበት ቁጠሪው። ያልተራመዱበት ጉልበት ይታሰራል።»

«ታዲያ ከአሁን በኋላ በደንብ ብቆጥበው?»

ጆሮ ዞሮ ልጄን አያት፤ ተስፋው ያለው እሷ ጋ ነው በሚል አስተያየት።

ከሌላ መኪና የወረደ ኮምፕረሰር እንደሚያፈላልግልኝ ነገረኝና አስጠነቀቀኝ። «እስከዚያ እንዳትከፍቺው። ከተጣበቀ የሞተሩን ቺንጋ ይበጥሰዋል። ባትሪሽን የሚሞላው፣ መሪሽንም የሚያላላው ያው ቺንጋ ነው። መሃል መንገድ ላይ ነው የምትቀሪው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ሄዶ ለባለሹራቧ እውነቱን ይናገራል። እኔ ግን ዥዋዥዌው ትዝ አለኝና ብልሃት ፈጠርኩ። የውሃ ፕላስቲኮች ሞልቼ አማቴ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ አስደርጋለሁ፤ ጠዋት በረዶዎቹን በአበባው ባልዲዎች መሃል እሸጉጣለሁ። «ሥጋዬን አውጥተሽ ውሃ ታሳድሪበታለሽ?» አሉ አማቴ። «አበባ ታቅፎ የሚኖር ሰው ደግሞ ምን ሥጋ ያምረዋል!»

ቀሪው ለዓይን ነበር። መስኮቷ የተከፈተ መኪና ኤሲ የላትም፣ መስኮቷ የተዘጋ ግን አላት፤ ይህን ማንም ያውቃል። ስለዚህ ባለሹራቧ በራቸው ላይ ቆመው ስለሚጠብቁን፣ ከሱቁ በፊት ያለው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ መስኮቱን ሁሉ እዘጋለሁ። ሱቁ በር ላይ ስደርስ ፈገግ ብዬ፣ ፊቴን ሳልጠርግ፣ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ። ቸኩሎ የወረደ ሰው ሞቆታል ያስብላል። የሚያልፈው የሚያገድመው «ይቺ ሴትዮ ተመችቷታል» ሳይል አይቀርም። እኔ ውስጥ ለውስጥ እየተቀቀልኩ ነው።

ሬዲዮ ሥርዓቱን ቶሎ ለመደችው። ሹራቡ ከሩቅ ብቅ ሲል እጇን ታጨበጭባለች፤ «ሹራብ! መስኮት ዝጊ!»

ጉዴ የፈላው በአንድ የሠርግ ቀን ነው። ትልቅ ትዕዛዝ ነበር፤ ባልዲዎቹ ኋላውን ሞልተው ልጄ በአበባ መሃል እንደ ተረሳ ፍሬ ብቅ ብላ ትታያለች። የመጨረሻውን ባልዲ ጭኜ በሩን ስዘጋ ባለሹራቧ ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ።

«ዛሬ አብሬሽ ነኝ። የአዳራሹን መድረክ ራሴ ነው የማስተካክለው።»

«ሹራብ!» አለች ሬዲዮ። «መስኮት ዝጊ!»

ባለሹራቧ ቆም አሉ። «ምን አለች?»

«ነፋስ ትፈራለች፣ እትዬ። በአባቷ አጎት ወጥታ ነው።»

ገቡ። የምሳ ሰዓት ነው፤ መንገዱ ተጨናንቋል፣ መኪና ከመኪና ተጣብቋል። በረዶዬ ከኋላ እየቀለጠ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል። ባለሹራቧ ሹራባቸውን በአንገታቸው በኩል ነፋ ነፋ አደረጉት።

«አንቺ ልጅ፣ አበባዬ ሊጠወልግብኝ ነው። ክፈቺው እንጂ!»

ጣቴን ወደ ቁልፉ አስጠጋሁ። አጎት ታወሱኝ፤ ጆሮም ታወሰኝ። ግን ሰው ተስፋ ማድረግ ሲፈልግ ማን ያቆመዋል? ምናልባት እረፍት አግኝቶ ተሽሎት ይሆናል አልኩ። ተጫንኩት።

ቀዘቀዘ! እውነቴን ነው፣ ንጹሕ ቀዝቃዛ አየር መጣ። ባለሹራቧ «እሰይ!» አሉ። በልቤ ልጄን ዥዋዥዌው ላይ አስቀምጬ ገፋ አደረግኳት።

«ጭርርርር...»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ልጅቷ ናት፣ እትዬ። ድምፅ ማስመሰል ትወዳለች።»

ባለሹራቧ ወደ ኋላ ዞሩ። ልጄ አፏን ግጥም አድርጋ ዘግታ ታያቸዋለች። ድምፁ ቀጠለ። ከዚያ ቆመ፤ ጠቅታው ግን አልመጣም። በምትኩ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፣ ከኮፈኑ ስር ጭስ ወጣና አንድ ነገር «ቷ!» አለ። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ፣ መሪው እንደ ድንጋይ ከበደ። በሁለት እጄ እየታገልኩ፣ ከኋላ የሚመጣው ጥሩምባ ዘመዶቼን ሁሉ እያነሳ እየሰደበኝ፣ መኪናዋን ዳር አስያዝኳት።

ሞተሩን አጠፋሁ።

ባለሹራቧ ቀስ ብለው ሹራባቸውን አወለቁ። በዚያ መንገድ የኖረ ማንም ሰው እሳቸውን ያለ ሹራብ አይቶ አያውቅም። ከስሩ አበባ አበባ ያለበት እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለብሰው ኖሯል። እኔ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኜ «ያምራል» አልኳቸው።

«ዝም በይና ባልዲ አውርጂ!»

የሚያልፍ ባጃጅ አስቆሙ። ጎኑ ክፍት፣ መስታወት የሌለው፣ ሾፌሩ ሸሚዙን እስከ እምብርቱ የከፈተ። ባለሹራቧ ሹራባቸውን በቀለጠው በረዶዬ ውሃ ነክረው ጽጌረዳው ላይ አለበሱት። ባልዲዎቹን አስጭነው፣ ነጮቹን አበቦች ታቅፈው ገቡ። ባጃጁ በመኪኖቹ መሃል ተሽሎክሉኮ ሲሄድ ፀጉራቸው እየተበተነ፣ አበባው እየተወዛወዘ፣ ከሠርጓ ያመለጠች ሙሽራ ይመስሉ ነበር።

«ሹራብ ሄደች» አለች ሬዲዮ።

«እንጀራችንም አብራት» አልኩ።

ደወልኩለትና ጆሮ መጥቶ ኮፈኑን ከፈተ። ካቻቢቴውን አላወጣም፤ የሚሰማ ነገር አልነበረም። አጠር ያለ ቺንጋ አምጥቶ ኮምፕረሰሩን አስዘልሎ አሰረልኝ። «ትሄዳለች፣ መሪሽም ይሠራል። ኤሲ ግን ከእንግዲህ የለሽም» አለና ሬዲዮን ተመለከተ። «አንቺስ ምን ሰማሽ?»

«ቷ!» አለችው።

በማግስቱ ለመሰናበት ወደ አበባ ቤቱ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ይቅርታዬን ስለማመድ፣ አንዱን ቃል ስጥል ሌላውን ሳነሳ ነው የደረስኩት። ባለሹራቧ በራቸው ላይ ቆመዋል፤ ሹራቡ ተመልሷል፣ ትንሽ ግን ቀለሙ ለቋል። ሳይቆጡኝ ጀመሩ።

«አንቺ ልጅ፣ አበባው እንደ ትናንትና አምሮ ደርሶ አያውቅም! ነፋስ ይወዳል ኖሯል እኮ። ኤሲ ኤሲ ስል ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ከባጃጁ ልጅ ጋር ተስማምቻለሁ።»

የተለማመድኩት ይቅርታ ቦታ አጣ። በውሸቴ መባረር አንድ ነገር ነው፤ የዋሸሁለት ነገር ጭራሽ ሳያስፈልግ ቀርቶ መባረር ግን ሌላ ነው።

«ስለ መስኮቱ እንኳ...» አልኩ።

«እሱንማ ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ። ፊትሽ እንደ ተቀቀለ ቲማቲም ሆኖ ትወርጃለሽ፣ ኤሲ አለኝ ትያለሽ! አበባው ደህና ይደርስ ስለነበር ነው ዝም ያልኩሽ። የዚያች ልጅ ላብ ነበር የሚያሳዝነኝ። እንዲያው መኪናሽ እኮ ምድጃ ናት!»

ከጎረቤት በር አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ። ጫጩት ሻጩ ነው።

«ምድጃ አሉ፣ እትዬ?»

«አንተ ምን አገባህ?»

እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ ነበር። «እህቴ፣ እውነት ትሞቃለች? ነፋስ አይገባባትም? መንገድ ላይ ብርድ እየመታብኝ ነው እኮ ጫጩቶቼ የሚያልቁት። በባጃጅ ሞከርኩ፣ በሞተር ሞከርኩ... መስኮቷስ ይዘጋል?»

በሕይወቴ ልምዴ እንደዚያ ቀን የተፈለገበት ጊዜ የለም።

«በደንብ ነው የሚዘጋው!» አልኩት። «እኔ ራሴ ነኝ የምዘጋው። ውስጡ ተቀምጬ ላቤን ሳልጠርግ መንዳት እችላለሁ።»

«ኤሲ የላትም አይደል? አንዱ ሾፌር ተሳስቶ ከፍቶብኝ ስንት ጫጩት ቀበርኩ።»

«ኤሲ የላትም!» አልኩ፣ ባለሹራቧ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። ሰው በሌለው ነገር እንዲህ ደረቱን ሲነፋ አይቼ አላውቅም።

ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። ክፍያው ባለሹራቧ ይሰጡኝ ከነበረው አያንስም። ጫጩት ግን አበባ አይደለም፤ ወንበሩን ያበላሻል። ስለዚህ የሶፋዬን ላስቲክ ገፍፌ የመኪናዋን ኋላ ወንበር አለበስኩት። አማቴ መጀመሪያ ሶፋውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉ፣ ቀጥሎ በጥርጣሬ ተቀመጡ፤ ያልተነከሱ መሆኑን ሲያረጋግጡ እግራቸውን ሰቀሉ። አሁን የሚናከሰው መኪናዋ ውስጥ ነው። ብርጭቆዎቹን ግን አልነካሁም። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይሆንም።

ሬዲዮ መዋዕለ ሕፃናቷን ጀመረች። አንድ ቀን እሷን ላመጣ፣ ኋላ ጫጩት ጭኜ፣ መስኮቱን ግጥም አድርጌ ስሄድ አጎትን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ጫንኳቸው። ትንሽ እንደሄድን መሐረብ አወጡ። ግንባራቸውን ጠረጉ፣ አንገታቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ዓይናቸው የኤሲው ቁልፍ ላይ አረፈ።

«አልነካሽውም፣ አይደል?»

«ኧረ አጎቴ! ጣቴን ካሳረፍኩበት ቆየሁ።»

«ጎሽ!» አሉ፣ ላባቸው በአገጫቸው እየወረደ። «ዕቃ መያዝ ማለት ይሄ ነው። ለባልሽም አስተምሪው።»

መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ቆምን። ልጄ ከዥዋዥዌው ወርዳ እየሮጠች መጣች፤ ጉልበቷ አቧራ ነው። ከኋላ ገብታ በካርቶኖቹ መሃል ተሸጎጠችና አጎትን አየቻቸው። ቀጥላ ቁልፉን አየች።

«ጭርርርር... ቷ!»

«ምንድን ነው የምትለው ይቺ?» አሉ አጎት።

«ጫጩቶቹን ነው የምታስመስለው» አልኩ፣ ማርሽ እያስገባሁ።

አጎት መሐረባቸውን ጨመቁትና ወደ ኋላ ዞረው ካርቶኖቹን ትንሽ አዳመጡ።

«ጫጩት ደግሞ ቷ ይላል እንዴ?»